የ8,222 ባለአክሲዮኖች ክለብ

ዋሽንግተንና አካባቢዋ የሚኖርና የከተማዋን የቤዝቦል ክለብ የናሽናልስን ጨዋታ አልፎ አልፎ የሚያይ ኢትዮጵያዊ ተጫዋቹን ጀምስ ዉድን አያጣውም። ልጁ የተወለደው እዚያው ሜሪላንድ፣ ሮክቪል ውስጥ ነው። በ2024 ለዋናው ቡድን የተጠራው ግን ከሮቸስተር ነው። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ሮቸስተር በኒውዮርክ ግዛት፣ በኦንታሪዮ ሐይቅ ዳር ያለች ከተማ ስትሆን፣ ክለቧ ሬድ ዊንግስ ከአሜሪካ ቤዝቦል ከፍተኛ እርከን ከሜጀር ሊግ አንድ ደረጃ ዝቅ ብሎ በሚገኘው ትሪፕል ኤ ይጫወታል። ከ1899 ጀምሮ ከተማዋን ለቆ አያውቅም።

ይህን ዕድሜ ብዙ ሰው ከሕዝቡ የቤዝቦል ፍቅር ጋር ያያይዘዋል። ፍቅሩ መኖሩ እውነት ነው፤ ግን እንደዚያው የሚወዱት ከተሞች ክለባቸውን አጥተው ቀርተዋል። ሮቸስተርን ከእነሱ የለያት ክለቡ በክፉ ቀን በማን እጅ መግባቱ ነው።

በ1928 ክለቡን የገዛው የሜጀር ሊጉ ክለብ የሴንት ሉዊስ ካርዲናልስ ነበር። የካርዲናልሱ ሥራ አስኪያጅ ብራንች ሪኪ፣ ጥሩ ተጫዋች ከትንንሽ ክለቦች በውድ ከመግዛት ክለቦቹን ራሳቸውን ገዝቶ ተጫዋች ማሳደግ ያዋጣል ብሎ ያምን ነበር። ሬድ ዊንግስ የሚለው ስም የወጣው ያኔ ነው። በማግስቱ ዓመት ኖርተን ጎዳና ላይ አዲስ ስታዲየም ተከፈተ፤ ቡድኑም ከ1928 እስከ 1931 በተከታታይ አራት ዓመት ሊጉን በአንደኝነት ጨረሰ። በኋላ የካርዲናልስ ኮከብ የሆነው ስታን ሙዚያል በ1941 እዚህ 54 ጨዋታ ብቻ ተሰልፎ፣ በአማካይ ከ1,000 የመምታት ዕድል 326 ጊዜ ያህል ኳሷን በስኬት መትቶ ወደ ሴንት ሉዊስ ሄደ። ኳስ ወርዋሪው ቦብ ጊብሰንም ከታዋቂነቱ በፊት በሮቸስተር በኩል አልፏል።

የዚህ አሠራር ድክመት ግን ከጥንካሬው ጋር አብሮ የተወለደ ነው። ባለቤቱ የሚፈልገው ተጫዋቹን እንጂ ከተማዋን አይደለም። ቴሌቪዥን የሜጀር ሊግን ጨዋታ በየቤቱ ማስገባት ሲጀምር የትንንሽ ክለቦች በር ጭር አለ። በ1949 በአሜሪካ ከሜጀር ሊግ በታች ያሉ 59 ማይነር ሊጎች ነበሩ፤ በሚቀጥሉት ዓመታት አብዛኞቹ ፈረሱ። በ1956 መጨረሻ ካርዲናልስም ሮቸስተርን ለመተው ወሰነ።

በዚህ ጊዜ የከተማዋ ነጋዴ ሞሪ ሲልቨር አንዱን አክሲዮን በ10 ዶላር ለሕዝብ ለመሸጥ ተነሡ። 8,222 ሰዎች ገዙ። ከግማሽ ሚሊዮን ዶላር በላይ ተከፍሎ በየካቲት 1957 ክለቡም ስታዲየሙም የሮቸስተር ኮሚኒቲ ቤዝቦል አክሲዮን ማኅበር ሆኑ። ስታዲየሙ በ1968 በሲልቨር ስም ተጠራ፤ ልጃቸው ናኦሚ ሲልቨርም ለረዥም ዓመታት ከክለቡ መሪዎች አንዷ ሆነው ቆይተዋል።

አክሲዮን በሕዝብ እጅ መሆኑ ብቻውን ግን አይበቃም። ከሮቸስተር በስተምሥራቅ 140 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ሲራኪዩስም የሕዝብ ክለብ ነበራት። በ2017 የሜጀር ሊጉ ክለብ የኒውዮርክ ሜትስ 18 ሚሊዮን ዶላር ሲያቀርብ ሽያጩ ተፈጸመ። የዚያ ዳፋ የደረሰው ደግሞ ዋሽንግተን ድረስ ነው። ናሽናልስ ከ2009 እስከ 2018 ተጫዋቾቹን ያሳደገው ሲራኪዩስ ስለነበር፣ ቦታውን ሲነጠቅ ሌላ ክፍት ቦታ አጥቶ ካሊፎርኒያ፣ ፍሬዝኖ ድረስ ሄደ። ያኔ ማታ አንድ ኳስ ወርዋሪ ቢጎዳበት ተተኪውን አገር አቋርጦ ነበር የሚያስመጣው። ወደ ሮቸስተር የመጣው በ2021 ነው። ስለዚህ የአክሲዮን ማኅበር ጥንካሬ የሚታየው ባለአክሲዮኖቹ በዛ ያለ ገንዘብ ሲቀርብላቸው እምቢ ማለት ሲችሉ ነው።

ባለአክሲዮኖቹ የያዙትና ያልያዙት ነገር ተለይቶ መታወቅ አለበት። ተጫዋቾቹና አሠልጣኞቹ የናሽናልስ ቅጥረኞች ናቸው፤ ደመወዛቸውንም የሚከፍለው እሱ ነው። ማን ይሰለፍ፣ ማን ስንት ኳስ ይወርውር የሚለውም ከዋሽንግተን ይመጣል። የሮቸስተር ድርሻ ሜዳው፣ ትኬቱ፣ ምግቡ፣ ማስታወቂያውና የቢሮ ሠራተኛው ነው። አንድ ተጫዋች ወደ ላይ የሚወጣው በዋናው ክለብ 40 ሰው የሚይዝ መዝገብ ውስጥ ከተጻፈ ነው፤ ካልተጻፈና መዝገቡ ከሞላ አንድ ሰው መውጣት አለበት። የተጻፈውም ቢሆን ቢበዛ በሦስት የውድድር ዓመታት፣ በአንድ ዓመት ውስጥም እስከ አምስት ጊዜ ብቻ ነው ያለ ተጨማሪ ሥርዓት ወደ ታች የሚላከው። በዚህ ምክንያት ነሐሴ ላይ ለዋንጫ የሚፎካከር ቡድን ዋና መቺውን በአንድ የስልክ ጥሪ ያጣል። ይህን የሚያውቅ ክለብ ድልን ለተመልካች ቃል ገብቶ አይሸጥም፤ ርካሽ ትኬትና ጥሩ ምሽት ነው የሚሸጠው።

ምሽቱም ቢሆን በአየሩ እጅ ነው። ትሪፕል ኤ በዓመት 150 ጨዋታ አለው፤ ግማሹ በሜዳ የሚደረግ ነው። ከ2021 ወዲህ አንድ እንግዳ ቡድን መጥቶ ከማክሰኞ እስከ እሑድ ስድስት ጨዋታ ይጫወታል። የጉዞ ወጪ ይቀንሳል፤ ግን ሚያዝያ ላይ ሐይቁ ቅዝቃዜ ባመጣ ቁጥር የሳምንቱ ገቢ በሙሉ አብሮ ይሄዳል።

የቅዝቃዜን ነገር ካነሣን፣ የክለቡ ስም በየዓለሙ የሚነሣበትን ጨዋታ መዝለል አይቻልም። በ1981 የምዕራባውያን ፋሲካ ዋዜማ፣ ሮድ አይላንድ ውስጥ በፓተኬት ሜዳ የተጀመረው ግጥሚያ በዘጠኝ ኢኒንግ (የጨዋታ ዙር) ማለቅ ሲገባው 1 ለ 1 ሆነ፣ በ21ኛው 2 ለ 2 ሆነ፣ ከዚያም አልቆረጥ አለ። በሊጉ ደንብ ከእኩለ ሌሊት 50 ደቂቃ ካለፈ በኋላ አዲስ ኢኒንግ መጀመር አይፈቀድም ነበር፤ ዳኞቹ የያዙት መጽሐፍ ውስጥ ግን ያ አንቀጽ በስሕተት አልታተመም። ተጫዋቾቹ የተሰበሩ ዱላዎችን በርሜል ውስጥ አንድደው ሞቁ። ከመቺው ጀርባ ሆኖ ኳስ የሚይዘው የሮቸስተሩ ካቸር ዴቭ ሃፐርት 31 ኢኒንግ ቁጢጥ ብሎ ኳስ ያዘ። የሊጉ ፕሬዚዳንት በስልክ ተገኝተው አስቁሙ ሲሉ ከንጋቱ 10 ሰዓት ከ7 ደቂቃ ሆኖ፣ 32 ኢኒንግ ተጫውተው ነበር፤ የቀሩት ተመልካቾች 19 ናቸው። በሰኔ ሲቀጠል በ18 ደቂቃ ውስጥ ሮቸስተር 3 ለ 2 ተሸነፈ። ለሮቸስተር የተሰለፈው ካል ሪፕከንና ለፓተኬት የተሰለፈው ዌድ ቦግስ ሁለቱም በኋላ ወደ ቤዝቦል ዝነኞች አዳራሽ ገብተዋል። የፓተኬት ክለብ ዛሬ የለም፤ ከ2021 ጀምሮ ወደ ማሳቹሴትስ፣ ዉስተር ተዛውሯል። የተሸነፈው ሮቸስተር ግን አለ።

አሁን የሚያሰጋው ሌላ ነው። በ2021 ሜጀር ሊግ ማይነር ሊጉን ራሱ ጠቅልሎ ይዞ፣ ክለቦቹን ወደ 120 ዝቅ አድርጎ፣ ከ40 በላይ የሚሆኑትን ከሥርዓቱ አስወጥቷል። ለቀሩት የሰጠው የ10 ዓመት ፈቃድ ነው። ፈቃዱን ይዞ ለመቆየት የመብራት፣ የመልበሻ ክፍል፣ የቤት ውስጥ ልምምድና የሴት ሠራተኞች ክፍል መስፈርት ማሟላት ግዴታ ነው። መስፈርቱ ራሱ ተገቢ ነው፤ ተጫዋች በሰላም መሥራት አለበት። በ2023 የትሪፕል ኤ ተጫዋች ዝቅተኛ የዓመት ደመወዝ ከ17,500 ወደ 35,800 ዶላር ማደጉም ከረፈደ የመጣ ፍትሕ ነው። የማይገባው ወጪው የሚያርፍበት ትከሻ ነው። ሬድ ዊንግስ አሁን የሚጫወትበት፣ በፊልምና በካሜራ ኩባንያው በኮዳክ ሕንፃ አንጻር ያለው ስታዲየም የሞንሮ ካውንቲ ንብረት ነው። ስለዚህ ቢሊዮን የሚያንቀሳቅሰው ሊግ ያወጣው መስፈርት ለከተማዋ ግብር ከፋይ ዕዳ ይሆናል። ይቺ ደግሞ በ1982 ወደ 60,000 ሰው የሚቀጥርላትን ኮዳክን በ2012 ወደ ኪሳራ ፍርድ ቤት ሲሄድ ያየች ከተማ ናት። በዚያው ልክ ዳይመንድ ቤዝቦል ሆልዲንግስ የተባለ አንድ ኩባንያ ከ40 በላይ ክለቦችን ገዝቶ ይዟል።

ፈቃዶቹ ከ2030 ውድድር በኋላ ያበቃሉ። ካውንቲውና ባለአክሲዮኖቹ ድርድሩን ከወዲሁ አንድ ላይ ሆነው መጀመር አለባቸው ብለን እናምናለን። ዛሬ በእጃቸው ያለው ጉልበት ናሽናልስ ሮቸስተርን መፈለጉ ነው፤ ፍሬዝኖ ድረስ መሄድ ምን እንደሚያስከፍል ቀምሶታልና። ለማንኛውም አዲስ የሕንፃ መስፈርት ሜጀር ሊግ የሚከፍለው ድርሻ በመቶኛ ይጻፍ፤ ፈቃዱ ከስታዲየሙ ኪራይ ውል ቀድሞ የሚያልቅ አይሁን፤ አንድ ክለብ ሊሸጥ ሲቀርብ የከተማው ሕዝብ በዚያው ዋጋ የመግዛት ቀዳሚ መብት ይኑረው። ይህ የመጨረሻው በ1957 ቢኖር ኖሮ ሞሪ ሲልቨር ጎረቤቶቻቸውን በጥድፊያ ማሰባሰብ ባላስፈለጋቸው ነበር።