ለግምት ሊቃውንት የቀረበ ውዳሴ

ፕሮግራማቸው የሚነግራቸውን የስህተት መልእክት ሳያነቡ ቁጥር የሚቀያይሩ ፕሮግራመሮች እስከ ዛሬ የሚገባቸውን ክብር አላገኙም። አንብቦ መረዳት ማንም የሚችለው ነገር ነው፤ ሳያነቡ መገመት ግን ተሰጥኦ ይጠይቃል።

የዚህ ተሰጥኦ ግርማ ጎልቶ የሚታየው ኢሞጂ ያለበት ሥራ ላይ ነው። አንድ ሊቅ የእንቁጣጣሽ ካርድ የሚሠራ ፕሮግራም ፓይተን በተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ይጽፋሉ እንበል። «እንኳን አደረሳችሁ» የሚለውን በ40 ፒክስል አስውበው ካሰፈሩ በኋላ፣ አደይ አበባን ትወክል ዘንድ ቢጫዋን የአበባ ኢሞጂ ኖቶ ከለር ኢሞጂ ከተባለው ፎንት አውጥተው በዚያው በ40 ሊያስቀምጧት ሲሉ፣ ፒሎው የተባለው የምስል ላይብረሪ (ተዘጋጅቶ የሚገኝ የኮድ ስብስብ) ከሥሩ ሆኖ ፊደላቱን ከሚስልለት ከፍሪታይፕ የተቀበለውን «የፒክስል መጠኑ ትክክል አይደለም» የሚል መልስ ያቀርብላቸዋል። ትዕግሥት የሌለው ተራ ሰው ቢሆን ወዲያው «ታዲያ ትክክለኛው የትኛው ነው?» ብሎ በጠየቀ ነበር። ሊቁ ግን ለእንዲህ ያለ ጥድፊያ አይንበረከኩም፤ 40ን ወደ 41፣ 41ን ወደ 48፣ 48ን ወደ 64 እያሳደጉ፣ ያንኑ መልእክት በየተራው በጨዋነት እያሰናበቱ ያመሻሉ። ጎን ለጎንም ፎንቱን ይረግማሉ፣ ላይብረሪውን አጥፍተው እንደገና ይጭናሉ።

ምክንያቱን ማወቅ ለሚወዱ (እንዲህ ያሉ ሰዎች ዛሬም አልጠፉም) ነገሩ ያን ያህል የተሰወረ አይደለም። በአማርኛው ፎንት ውስጥ የተቀመጠው የፊደላቱ የመስመር ቅርጽ ስለሆነ በተፈለገው መጠን ተሰልቶ ይሳላል፤ በሊኑክስ ላይ በተለመደው የኖቶ ፎንት ውስጥ ያለው እያንዳንዱ ኢሞጂ ግን 136 በ128 ፒክስል ሆኖ የተዘጋጀ ሥዕል ነው፤ እንደ ማኅተም በአንድ ልክ፣ በ109 የፎንት መጠን ብቻ ተቀርጿል። ፍሪታይፕም ይህን ሥዕል በራሱ አያሳንሰውም። ስለዚህ ፎንቱን በ109 ከፍቶ፣ ኢሞጂዋን ለብቻዋ ከሳሉ በኋላ በ40 ሲካፈል ለ109 ማሳነስ ይበቃል፤ አበባዋም 50 በ47 ገደማ ሆና ከጽሑፉ ጎን ትቆማለች። አንድ ፎንት የትኞቹን ቋሚ መጠኖች እንደያዘ ፍሪታይፕ ራሱ ዝርዝር አለው፤ የዝርዝሩ ጉድለት መነበብ መፈለጉ ነው።

ከፍ ያለ ማዕረግ የደረሱት ደግሞ 109ን ከሌላ ሰው ኮድ ቀድተው፣ ለምን እንደሆነ አንዲት ቃል ሳይጽፉ ይተክሉታል። ማሳነስ የሚባለውንም ስለሚንቁት፣ ከአበባዋ ጋር እንዲመጣጠን ጽሑፉን ሁሉ 109 አድርገው «እንኳን አደረሳ» ላይ ካርዱ ያልቃል። ፕሮግራሙ ወደ ማክ ሲዛወር ግን የአፕል ኢሞጂ ፎንት የራሱ ቋሚ መጠኖች ስላሉት 109ን አይቀበልም፤ በመጀመሪያው ምሽት የተባረረው 40 እዚያ በደስታ ይሠራል።

የሊቃውንቱ አለቃ ግን ስህተት ሲመጣ ፕሮግራሙ እንዳይቆም በሚያደርጉት በ«ትራይ» እና በ«ኤክሴፕት» ትእዛዞች ስህተቱን አፍነው፣ ኢሞጂ በሌለው ሌላ ፎንት እንዲሳል የሚያዝዙት ናቸው። ካርዱ ያለ አንዳች ስህተት ይወጣል፤ በአደይ አበባ ፋንታም ባዶ አራት ማዕዘን ይታተማል። ተቀባዮቹ «ስጦታውስ የታለ?» ብለው ቢደውሉላቸው አይፈረድባቸውም።