መጀመሪያ ስሙን ንገሩኝ

የሩሲያዊው አቀናባሪ የራክማኒኖፍ ሁለተኛ የፒያኖ ኮንቼርቶ (ፒያኖ ከኦርኬስትራ ጋር የሚጫወትበት ድርሰት) ሲጀምር ኦርኬስትራው ዝም ይላል። ፒያኖው ብቻውን ስምንት ኮርዶችን፣ ማለትም አንድ ላይ የሚመቱ ድምፆችን፣ ከለሆሳስ አንስቶ እያጎላ ይመታል፤ በየመሃሉም ያው አንድ ወፍራም ድምፅ እንደ ደወል ከታች ይመልስለታል። ነገሩ ግማሽ ደቂቃ ያህል ነው። አዋቂ ነኝ ባዩ አድማጭ ግን ይህን ያህል አይጠብቅም፤ የቅጂውን ሽፋን እንዳየ ፈርዶ ጨርሷል።

ሽፋኑ ላይ «ሪክተር፣ ዋርሶ፣ 1959» የሚል የዝነኛው ፒያኖ ተጫዋች ስም ካለ፣ ዝግታው ጥልቀት ነው። ያንኑ ዝግታ ስም የሌለው ወጣት ቢያመጣው «ልጁ እንቅልፉ መጥቷል» ይባላል። ራክማኒኖፍ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1929 ከኦርኬስትራ መሪው ከስቶኮቭስኪና ከፊላደልፊያ ኦርኬስትራ ጋር ሲቀዳ ከሪክተር በጣም ይፈጥናል፤ የድርሰቱ ባለቤት ነውና ማን ተው ይለዋል? ሌላው ሲፈጥን ግን ባቡር ሊያመልጠው ነው።

እነዚያ የመክፈቻ ኮርዶች ለአንድ እጅ ከአንድ ኦክታቭ (ከአንድ ድምፅ እስከ ቀጣዩ ተመሳሳይ ድምፅ ካለው ርቀት) ያልፋሉ። እጁ ያልደረሰለት ተጫዋች ድምፆቹን አንድ ላይ መምታት ትቶ ከታች ወደ ላይ ይበትናቸዋል። ዝነኛ ሲበትን ቅኔ ነው፤ ጀማሪ ሲበትን «ጣቱ አጭር ነው»።

ቀጥሎ ቫዮሊኖቹ ዋናውን ዜማ ይዘው ይነሳሉ፣ ፒያኖውም አጃቢ ይሆናል። በአዳራሽ ውስጥ እዚህ ላይ ፒያኖው ቢዋጥ አይገርምም። ማይክራፎኑን ፒያኖው አፍ ላይ ደቅነው ሲቀዱት ግን አጃቢው ዋና ይሆናል። አድማጩም ማይክራፎን ያስቀመጠውን ሰው ረስቶ «እንዴት ያለ ኃይለኛ ጣት!» ይላል።

የሸክላ ወዳጆች ደግሞ የራሳቸው ዓለም አላቸው። የ1929ኙ ዘመን ትልቁ ሸክላ በአንድ ገጹ የሚይዘው ቢበዛ አምስት ደቂቃ ያህል ነው፤ አንድ ክፍል ሳያልቅ ተነስቶ መገልበጥ ግድ ነው። «የማይቆራረጥ ፍሰት» እያሉ የሚያወድሱትም እነዚሁ ሰዎች ናቸው።

እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው ጉድ ለዚህ ሁሉ ምስክር ነው። በ2006 ያረፈችው እንግሊዛዊት ፒያኖ ተጫዋች ጆይስ ሃቶ በስሟ በወጡ በርካታ ሲዲዎች ተደንቃ ነበር። አንዱን ሲዲ ኮምፒውተር ውስጥ ቢያስገቡት አይቱንስ የተባለው የሙዚቃ ማጫወቻ ፕሮግራም የሌላ ፒያኖ ተጫዋች ስም ጻፈ። ባለቤቷ ለካ የሰው ቅጂ እየወሰደ፣ አንዳንዱንም ፍጥነቱን እየነካካ በእሷ ስም ሲያወጣ ኖሯል። የራክማኒኖፍ ሦስተኛ ኮንቼርቶዋ የየፊም ብሮንፍማን ሆኖ ተገኘ። ቀደም ሲል ብሮንፍማንን ስሜት ይጎድለዋል ያለ ሃያሲ፣ ያንኑ ቅጂ በሃቶ ስም ሲሰማው ከታላላቆቹ ተርታ አሰልፎት ነበር። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ማለት ይሄኔ ነው።

ራሱን መፈተን የሚፈልግ ዘዴው ቀላል ነው። ከሁለት ቅጂዎች ያንኑ ሁለት ደቂቃ ይምረጥ፤ የሚያጫውተው ሌላ ሰው ይሁን። የድምፁ መጠን እኩል መሆን አለበት፤ አንድ ዴሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ) ብልጫ እንኳ «ሙቀት» ተብሎ ሊመሰገን ይችላል። የሸክላ ጭረት ዘመኑን፣ የታዳሚ ሳልም ቅጂው የመድረክ መሆኑን ስለሚያሳብቅ ዕድሜና ሁኔታቸው ተቀራራቢ የሆኑትን ማጋጠም ይሻላል። ስሙ ሳይነገር ፍርዱ በወረቀት ይስፈር፤ በእርሳስ ሳይሆን በእስክሪብቶ። ስሙ ሲነገር መጀመሪያ የሚመጣው መልስ ያው ነው፦ «ስፒከርህ ልክ አይደለም።»