ድስቱ ሳይመዘን ትሪው ተከሰሰ

ሰሞኑን አንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የለጠፈው ማስታወቂያ በየቴሌግራሙ ሲዘዋወር አይታችሁት ይሆናል። ስሙን አልጠራም፤ ነገሩ የአንድ ግቢ ብቻ አይደለምና። ካፌ ውስጥ ምግብ አስተርፎ የደፋ ተማሪ ሚል ካርዱ፣ ማለትም የመመገቢያ ካርዱ፣ ለሦስት ቀን ይታገዳል። ከደገመ ለሳምንት። ከወዲሁ ካርዳቸው የተያዘባቸው ልጆችም አሉ። ዓላማው፣ ይላል ወረቀቱ፣ የምግብ ብክነትን መቀነስ ነው።

እስቲ አስቡት። ልጁ ታገደ። ወጥ ቤቱ ግን የሚያበስለው በተመዘገበው ተማሪ ቁጥር ነው። ስለዚህ የእሱ ድርሻ ለሦስት ቀን ይበስላል፣ እሱ ግን አይበላውም። ታዲያ ያ ምግብ የት ሊገባ ነው? ብክነትን ለመቀነስ ሙሉ ዘጠኝ ማዕድ የሚያባክን መመሪያ ያወጣ ሰው መቼም ሰብሰብ ብሎ አላሰበም።

የዩኒቨርሲቲው ኃላፊ የሰጡት ማብራሪያ ደግሞ ይብሳል። ተማሪው የሚደፋው በነፃ ስለሚበላ ነው ባይ ናቸው። ከኪሱ ቢሆን አይደፋም ነበር ማለታቸው ነው።

በነፃ? ኮስት ሼሪንግ፣ ማለትም የወጪ መጋራት፣ ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ ያለ ነገር ነው። ተማሪው ውል ይፈርማል። ከትምህርት ወጪው 15 በመቶ፣ የምግቡንና የመኝታውን ግን ሙሉውን ሊከፍል። ሥራ ሲይዝ ከደሞዙ ይቆረጣል። ሳይከፍል ኦሪጂናል ዲግሪውን ላውጣ ያለ ሰው ያየውን ፍዳ ጠይቁት። ተደፍቶ በርሜል የገባው ሽሮ ሳይቀር በልጁ ስም ዕዳ ሆኖ ተጽፏል። ፎርሙን የሚያስፈርመው ቢሮ እዚያው ግቢ ውስጥ ነው፤ ኃላፊው አንድ ቀን ጎራ ብለው ቢያነቡት ምን ነበረበት?

አሁን ግቢ የኖረ ሰው ሁሉ ወደሚያውቀው ነገር ልምጣ። ሥጋ ወጥ በሚቀርብበት ቀን ካፌው በር ላይ ያለው በርሜል ባዶ ነው። ጣቱን የሚልስ እንጂ የሚደፋ የለም። እንደውም ሰልፉ ገና ግማሽ ሳይደርስ «አልቋል» ይባላል። በማግስቱ ውሃ የበዛበት ሽሮ፣ አለቅጥ ከኮመጠጠ እንጀራ ጋር ሲመጣ፣ ያው በርሜል አፉ ድረስ ይሞላል። ተማሪው ያው ነው። ረሃቡም ያው ነው። ትናንት ጨዋ የነበረ ልጅ ሲነጋ ባለጌ ሆኖ አልተነሣም። የተቀየረው ድስቱ ነው። በርሜሉ የወጥ ቤቱ ግሬድ ነው። ኤፍ ያመጣው ወጥ ቤቱ፣ የሚባረረው ግን ተማሪው።

እንጀራውን ብቻ እንይ። ዓይን የለውም። መሀሉ ሳይበስል ወጥቶ እጅ ላይ ይጣበቃል፣ ጠርዙ ደርቆ ይሰበራል። ተማሪው የሚበላውን ቆርሶ የማይበላውን ይተዋል። ጤፍ ተወዷል፣ መቀላቀል ግዴታ ነው ይሉናል። ይቀላቀል። ግን ማሽላ የበዛበት እንጀራ ቶሎ እንደሚደርቅ የማታውቅ እናት አለች? በዕለቱ ተጋግሮ በዕለቱ መበላት አለበት። ትናንት የተጋገረውን ዛሬ ማታ አቅርቦ ጠርዙ ለምን ቀረ ብሎ መቆጣት ምን የሚሉት ነው? ቤታችን ውስጥ እንጀራ ሲደርቅ ፍርፍር ይሆናል፣ ከፍርፍር ያለፈው ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ድርቆሽ ይሆናል። እናቶቻችን ማንንም ሳይቀጡ ይህን ሲያደርጉ ኖረዋል። ደግሞ ልብ በሉ፣ ቤት ውስጥ እንጀራው ካልተበላ የመጀመሪያው ጥያቄ «ሊጡ ምን ሆኖ ነው?» ነው። ግቢ ውስጥ ግን የመጀመሪያው ጥያቄ «ማን ደፋው?» ሆኗል።

ጭልፋውም አለ። ኳስ ሲጫወት ውሎ የመጣ ጎረምሳና ጨጓራዋን የሚያማት ልጅ እኩል ይጨለፍላቸዋል። «ግማሽ ብቻ አድርጉልኝ» ብትል ሰልፍ አታስቁሚ ትባላለች። ጎረምሳው «ጨምሩልኝ» ቢል ጭማሪ የለም። ስለዚህ ሁሉም የተጣለለትን ተቀብሎ ይሄዳል። እሷ ግማሹን ትደፋለች፣ እሱ ሳይጠግብ ይነሣል። በአዲሱ መመሪያ መሠረት ካርዷ የሚታገደው እሷ ናት። ይህ ሁሉ የሚስተካከለው ጨላፊዋ «ስንት ላድርግልህ?» እንድትል በመፍቀድ ነው። አንድ ሳንቲም አይጠይቅም። ግን ኮሚቴ አያስፈልገውም፣ አበልም የለውም፤ ለዚህ ይመስለኛል ማንም ያላሰበው።

ጾሙንስ? ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው። በዚህ ጊዜ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል የማይቀምስ ተማሪ ብዙ ነው። ቁርሱ ግን ጠዋት ለሁሉም ይዘጋጃል። በረመዳን ምሳው እንደዚያው። እነዚህ ድንገት የሚመጡ ነገሮች አይደሉም፤ ቀናቸው ከዓመት በፊት ይታወቃል። ቲኬተሩ በር ላይ ቆሞ የሚገባውን ሁሉ ይመዘግባል። ትናንት ስንት ሰው ቁርስ እንደበላ ከእሱ መዝገብ ማየት ይቻላል። ያንን ቁጥር ወደ ወጥ ቤቱ የሚያደርስ ሰው የለም እንጂ። ትሪ ላይ ሳይወጣ፣ ከነድስቱ የሚደፋው ምግብ ትሪ ላይ ከሚተርፈው እንደሚበልጥ እወራረዳለሁ። ተሳስተሃል የሚለኝ ካለ መዝኖ ያሳየኝ።

መመዘን ካልን አይቀር፣ ማስታወቂያው ሲጀምር የተባበሩት መንግሥታትን ቁጥር ጠቅሷል። እ.ኤ.አ. በ2022 በዓለም ላይ 1.05 ቢሊዮን ቶን ምግብ ባክኗል ይላል። ቁጥሩ ትክክል ነው። ግን የዚያው ግቢ ካፌ ባለፈው ማክሰኞ ስንት ኪሎ እንደደፋ የሚል መስመር ፈልጌ አጣሁ። የዓለሙን በቶን ያውቃሉ፣ የበራቸውን በርሜል በኪሎ አያውቁም። «የውጭ ተሞክሮ» የሚል ሐረግም አልቀረችም። የውጭው ተሞክሮ ይህ ነው፦ አሜሪካ ውስጥ ተማሪው ራሱ እያነሣ የሚበላባቸው የዩኒቨርሲቲ ካፌዎች ትሪውን አነሡት። በሰሃን ብቻ ሲሆን ሰው የሚይዘው ይቀንሳል፣ ሲያምረው ይመለሳል። እ.ኤ.አ. በ2008 በተደረገ ጥናት በአንድ ሰው የሚባክነው ከ25 እስከ 30 በመቶ ቀነሰ። ከዚህ ተሞክሮ ውስጥ «አስርበው» የምትለዋን ከየት አገኟት?

ገንዘቡ እንደሆነ ቀላል አይደለም። የአንድ ተማሪ የቀን ምግብ በጀት በ2017 ዓ.ም. ከ22 ብር ወደ 100 ብር ከፍ ብሏል። ገበያው ምን እንደበላው ስለማውቅ በዚህ ድግስ ይደገስ አልልም። ግን አስሉት፤ አሥር ሺህ ተመጋቢ ያለው ግቢ በቀን አንድ ሚሊዮን ብር ያወጣል። ከዚያ አንድ አሥረኛው እንኳን ቢደፋ በቀን መቶ ሺህ ብር ነው። በዚህ ገንዘብ ስንት ሚዛን ይገዛል? ወጡን ቀምሶ «ይሄ አይቀርብም» የሚል አንድ ሰው መቅጠር ያቅታል?

አዎ፣ የሚያበላሽ ተማሪ አለ። ዳቦ ይዞ ወጥቶ እየተጫወተ የሚወራወር አይቻለሁ። እሱን ምከሩት፣ ካልሰማ ቅጡት፤ ጠበቃ አልቆምለትም። በእሱ ሰበብ ግን ያልበሰለ እንጀራ የተወችውን ልጅ ማስራብ ሌላ ነገር ነው። «ውጭ ሰው ቡሌ እየበላ እናንተ ትደፋላችሁ» የሚለው ተግሣጽም ለእኔ አይዋጥልኝም። ቡሌ፣ ያ ከሆቴል የሚወጣው ትርፍራፊ፣ ምን እንደሆነ ለአዲስ አበባ ሰው አይነገርም። ሰው ያሳዘነው ካለ ድስት ውስጥ ንጹሕ ሆኖ የቀረውን፣ እጅ ያልነካውን ምግብ በሙቀቱ ለምገባ ማዕከል ያድርስ። ከተማው ውስጥ ተስፋ ብርሃንን የመሰሉ ማዕከላት አሉ። የድሃን ስም ጠርቶ ሌላ ድሃ መቅጣት ግን ርኅራኄ አይደለም።

ካፌው ምን ያህል እንደተጠላ ማወቅ የሚፈልግ ደግሞ ኖን ካፌ የሚጠይቁትን፣ ማለትም ካፌው ቀርቶብን የምግባችን ብር ይሰጠን የሚሉትን፣ ይቁጠር። በዚያች ብር ውጭ በልቶ መክረም እንደማይቻል እያወቁ ነው የሚወጡት። እነዚህስ ምን ደፉ ሊባሉ ነው?

መመሪያው ይነሣ። በምትኩ ለአንድ ሴሚስተር ከድስት የተረፈውና ከትሪ የተደፋው ለየብቻው ይመዘን። ቀኑና የምግቡ ዓይነት ይጻፍበት፣ ካፌው በር ላይም ይለጠፍ፤ ማስታወቂያ መለጠፍ እንደሆነ ያውቁበታል። ከዚያ በኋላ ጥፋቱ የተማሪው ሆኖ ከተገኘ ስለ ቅጣት እናወራለን። የተያዙት ካርዶች ግን ሴሚስተር አይጠብቁም፤ ዛሬ ከእራት በፊት ለልጆቹ ይመለሱ።