የሆሊውድ የጀብዱ ፊልሞች ጥቁሮችን የገፉት ተገደው ነው ወይስ ወደው?

(ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

«ወደው ነው» ባይ፦ ሁሌ የሚቀርበው ሰበብ የሆሊውድ የምርት ደንብ፣ ማለትም በፊልም ምን እንደሚታይና እንደማይታይ ይወስን የነበረው ደንብ፣ ነው። ከ1934 ጀምሮ በጥብቅ የተሠራበት ይህ ደንብ በነጭና በጥቁር መካከል ፍቅር እንዳይታይ ይከለክል ነበር። ቀኖቹን እናስተያያቸው። «ዐሥርቱ ትእዛዛት» በኅዳር 1956 ወጣ። ሙሴ ከኢትዮጵያ ዘመቻ ሲመለስ ንጉሡንና እኅቱን ታርቢስን ይዞ ይገባል። ዘኁልቍ 12፥1 ኢትዮጵያዊት ማግባቱን ይናገራል፤ ፊልሙ ግን ልዕልቲቱን አንድ የከበረ ድንጋይ አሰጥቶ ያሰናብታታል። እሺ፣ ደንቡ ነው እንበል። ክልከላው በወሩ፣ በታኅሣሥ፣ ተነሣ። በ1959 «ሰሎሞንና ሳባ» ሲወጣ ግን ንግሥቲቱ ጣሊያናዊቷ ጂና ሎሎብሪጂዳ ሆና መጣች። ክብረ ነገሥትን ሲሰማ ላደገ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

«ተገደው ነው» ባይ፦ ደንቡ ተነሣ እንጂ ገበያው አልተለወጠም። በብዙ የአሜሪካ ግዛቶች የጥቁርና የነጭ ጋብቻ ወንጀል ነበር፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እነዚያን ሕጎች የሻራቸው በ1967 ነው። በ70 ሚሊ ሜትር፣ ማለትም ለትልቅ ስክሪን በተሠራ ሰፊ ፊልም፣ የሚታይ ውድ ሥራ ደግሞ የደቡብ ሲኒማ ቤቶች ከዘጉበት ወጪውን አይመልስም። ስለዚህ ፕሮዲዩሰሩ የታወቀ ስም ይፈልጋል። ሰሎሞንን የሚሠራው ታይሮን ፓወር በኅዳር 1958 የሰይፍ ፍልሚያ ሲቀረጽ ታሞ ማድሪድ ውስጥ ሲሞት፣ የተተካው በሌላ ኮከብ በዩል ብራይነር ነው፤ የተቀረጸው ሁሉ ማለት ይቻላል እንደገና ተሠራ። (ከሩቅ የተነሡ ጥቂት የፓወር ምስሎች ዛሬም አሉበት።) ደግሞም ሳባን የመን ላይ የሚያኖሩ የታሪክ ጸሐፊዎች ብዙ ናቸው።

በዚያ ጥበት ውስጥ የተሠራውንም ይዩ። በ1956 የኢትዮጵያን ንጉሥ የሠራው ዉዲ ስትሮድ በ1960 ስለ ሮማ ባሪያዎች አመፅ በሚተርከው «ስፓርታከስ» ውስጥ ኢትዮጵያዊው ግላዲያተር (ለሮማውያን መዝናኛ የሚፋለም ባሪያ) ድራባ ነው። በመረብና ባለ ሦስት ጣት ጦር ስፓርታከስን ያሸንፋል፤ ግደል ሲሉት ግን ጦሩን ወደ ሮማውያኑ መቀመጫ ይወረውራል፤ ግድግዳውን ሲወጣ ይገደላል። ሬሳው ይሰቀላል፤ አመፁ የሚፈነዳው ከዚያ በኋላ ነው። ያለ ድራባ ፊልሙ አይንቀሳቀስም!

«ወደው ነው» ባይ፦ ስለ ድራባ እንስማማለን፣ ወንድሜ። እኔ ፊልም ስመዝን አራት ነገር እጠይቃለሁ፦ ስም አለው? ይናገራል? ውሳኔው ታሪኩን ያዞራል? እስከ ፍጻሜ ይቆያል? ድራባ ሦስቱን ያልፋል፤ አራተኛው ላይ ይወድቃል። ከሦስት ሰዓት በላይ በሚፈጅ ፊልም የመጀመሪያው ሰዓት ሳይሞላ ይሞታል፤ ቁጣውን ተረክቦ የሚዋጋው ነጩ ጀግና ነው።

ገበያ ላሉትም፣ ዶረቲ ዳንድሪጅ በ1954ቱ «ካርመን ጆንስ» ለምርጥ ተዋናይት ኦስካር ታጭታለች። ስም ያላት ጥቁር ተዋናይት ነበረች ማለት ነው። በዐረቦች መካከል ስለ ተዋጋ እንግሊዛዊ መኮንን የሚተርከውን «የዐረቢያው ሎውረንስ»ን ደግሞ ይመልከቱ፣ 1962። ዐረብ ዐረብን ሆኖ እንዳይሠራ የከለከለ ደንብ አልነበረም፤ ሆኖም ልዑል ፋይሰል እንግሊዛዊው አሌክ ጊነስ ነው፤ አውዳ አቡ ታይን የሠራው አንቶኒ ኩዊን ሰው ሠራሽ አፍንጫ አስለጥፏል። የምትናገር ሴት አንዲትም የለችም።

«ተገደው ነው» ባይ፦ እዚያው ፊልም ላይ ግን ግብፃዊው ኦማር ሻሪፍ አለ። ሸሪፍ አሊ እስከ መጨረሻው በሕይወት የሚቆይ፣ ሎውረንስን ፊት ለፊት የሚሞግት ሰው ነው፤ በአራቱም ጥያቄዎችዎ ያልፋል። ሻሪፍ ለኦስካር ታጨ፤ በ1965 ዶክተር ዢቫጎን በመሪ ተዋናይነት ሠራ። በሩ ጠባብ ነበር፤ ዝግ ግን አልነበረም።

«ወደው ነው» ባይ፦ ለሻሪፍ። ስትሮድ በ1960 «ሳጅን ራትሌጅ» ውስጥ ፍርድ ቤት የቀረበው ወታደር ነው፤ የፊልሙ ርእስ የእሱ ገጸ ባሕርይ ስም ነው። በተዋናዮች ዝርዝር ላይ ቀድሞ የተጻፈው ግን ጠበቃውን የሠራው ጄፍሪ ሀንተር ነው። ስም ማስቀደም ሳንቲም አያስወጣም፤ የሚከለክል ደንብም አልነበረም።