በካርቶን የመጣ ጀልባ

«ምነው ልጄ፣ ሥራ ቀነሱህ እንዴ?» አለችኝ እናቴ በስልክ። ካያክ እየሠራሁ ነው አልኳት እንጂ ሌላ ያልኳት ነገር የለም። ካያክ አንድ ሰው ተቀምጦ የሚቀዝፈው ጠባብና ረጅም ጀልባ ነው። እናቴ ባሕር ዳር ተወልዳ ያደገች ሴት ናት፤ ጀልባ ብርቋ አይደለም። ያልገባት ሌላ ነው። ሳምንቱን ሙሉ ሲሠራ የከረመ ሰው ቅዳሜና እሁድን፣ ያውም ከኪሱ ከፍሎ፣ ለምን ጉልበቱን ይጨርሳል?

እኔም አሜሪካ፣ ሜሪላንድ እንደመጣሁ ጎረቤቶቼን እያየሁ የጠየቅኩት ይህንኑ ነበር። ጠበቃው ጠረጴዛ ይሠራል። ነርሷ አጥሯን ራሷ ታጥራለች። ማንም «ምን ነካቸው» አይላቸውም። እንዲያውም ቆሞ ያደንቃል፤ እንዴት እንደሠሩት ይጠይቃል። ይህን ለማየት ዓመታት ወሰደብኝ።

ኪቱ፣ ማለትም ተቆርጦ የሚመጣውና ገዢው ራሱ የሚገጥመው የጀልባ ዕቃ፣ የመጣው ከአናፖሊስ ነው፤ እኔ ካለሁበት ከሲልቨር ስፕሪንግ ብዙ አይርቅም። ቼሳፒክ ላይት ክራፍት የሚባል ድርጅት እንጨቱን በኮምፒውተር በሚመራ ማሽን ይቆርጣል። ኮላውን፣ ፋይበርግላስ የሚባለውን የመስታወት ክር ጨርቅ፣ የመዳብ ሽቦውንና መመሪያውን አብሮ አሽጎ ይልካል። ከ5 ሜትር በላይ የሚረዝመው ጀልባ ቁርጥራጭ ሆኖ በካርቶን ይገባል ማለት ነው።

እንጨቱ 4 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ኮምፐርሳቶ ነው። ኦኩሜ ከሚባል ዛፍ ይሠራል። ኦኩሜ ደግሞ በብዛት የሚበቅለው ጋቦን ውስጥ ነው። ይህን ሳውቅ እንጨቱን በእጄ ይዤ ትንሽ ቆየሁ። ለብዙ አሥርት ዓመታት ግንዱ እንዳለ በመርከብ እየተጫነ ይወጣ ነበር፤ ጋቦን በ2010 እ.ኤ.አ. ግንድ ሳይሰነጠቅ እንዳይወጣ ከለከለች። ቆርጦና አጣብቆ ዋጋ የመጨመሩ ሥራ አገር ውስጥ ይቅር ብላ ነው። እንዴት ደስ አለኝ!

ጀልባው ሚስማር የለውም። ይሰፋል። በጣውላው ጠርዝ ላይ በየአሥር ሴንቲ ሜትሩ ገደማ ቀዳዳ ትበሳለህ። ሁለቱን ጠርዞች ታጋጥምና አጭር የመዳብ ሽቦ በቀዳዳው አስገብተህ በፒንሳ ታጠብቃለህ። በጣም ካጠበቅከው እንጨቱ ይሰነጠቃል፤ ካላላኸው ክፍተት ይተዋል። ጣት ነው የሚያውቀው። ስፌቱ እየጠበቀ ሲሄድ ጠፍጣፋው ጣውላ ይቆለመማል። ከሰዓት በፊት ወለል ላይ የተኛ እንጨት፣ ሲመሽ ሆድ አውጥቶ፣ አፍንጫ አውጥቶ ጀልባ ሆኖ ታገኘዋለህ። ልጄ አጠገቤ ሆና ሽቦ ስታቀብለኝ ነበር። ያን ቀን ራት መብላታችንንም ረስተናል።

ከዚያ ኢፖክሲ ነው፤ ስፌቱን የሚያጣብቅ፣ እንጨቱንም ውሃ እንዳይጠጣ የሚሸፍን ሙጫ። ሁለት እጅ ሙጫ፣ አንድ እጅ ማጠንከሪያ። አንድ ቀን በጠባብ ኩባያ ብዙ በጠበጥኩና ስልክ ላነሳ ዞር አልኩ። ስመለስ ኩባያው ሊያዝ አይችልም፤ ይጨሳል። ኢፖክሲ ሲደርቅ ራሱ ሙቀት ያወጣል። አንድ ላይ ከተከማቸ ሙቀቱ መውጫ ያጣል። ሰፋ ባለ ዝርግ ዕቃ ላይ ቶሎ ማፍሰስ ነው መላው። መመሪያው ላይ በግልጽ ተጽፏል።

ይህ መመሪያ ነው ከሁሉም በላይ ያስገረመኝ። እንጨት ነክቶ የማያውቅ ሰው ያን ደብተር ይዞ ጀልባ ይሠራል። የአንድ ሰው እውቀት ሰውየው ሳይኖር እኔ ቤት ድረስ መጣ።

ልጅ ሆኜ ጣና ዳር ታንኳ ሲሠራ እያየሁ ነው ያደግሁት። ሠሪው ሽማግሌ ነበሩ። ሐይቁ ዳር የሚበቅለውን ረጅም ሣር፣ ደንገልን፣ አጭደው ፀሐይ ላይ ያሰጡታል። ሲደርቅ ይነባብሩትና በእግራቸው ተጭነው፣ በልጥ ገመድ ጠፍረው ያስራሉ። ሜትር የለም፤ በክንድ ነው። ካያክንም በመጀመሪያ የሠሩት የሰሜን ዋልታ አካባቢ ሕዝቦች ልካቸውን የሚወስዱት ከገዛ ሰውነታቸው ነበር፤ ርዝመቱን በተዘረጋ ክንድ፣ ስፋቱን በዳሌ። ሽማግሌውን ወስዶ ከእነሱ ጋር የሚያስቀምጣቸው ቢኖር ያለ ቋንቋ ይግባቡ ነበር እላለሁ።

ግን የእኛን ሠሪዎች እንዴት ነበር የያዝናቸው? ታንኳ የሚሠሩት ብዙዎቹ በጣና ዳር የሚኖሩት ወይጦዎች ነበሩ። ታንኳቸውን እንገዛለን፣ ወፍጯቸውን እንገዛለን፤ ማዕድ ግን አብሯቸው የማይቆርስ ሞልቶ ነበር። የራሳቸው ቋንቋ እንኳ ጠፍቷል። ሸማኔውን፣ ቀጥቃጩን፣ ሸክላ ሠሪዋን በስም እየሰደብን በሠሩት ተጠቀምን። በ1969 እ.ኤ.አ. ኖርዌጂያዊው አሳሽ ቶር ሄየርዳል በደንገል ጀልባ አትላንቲክን ለማቋረጥ ሲነሳ ደንገሉን ያስመጣው ከጣና ነበር። ዓለም የፈለገውን እኛ ንቀን ነው ያደግነው። ይህ ያንገበግበኛል።

እዚህ ሁሉ ነገር ጥሩ ነው ማለቴ አይደለም። ቤቴ ሥር ባለው የመኪና ማቆሚያ ብቻዬን ስሠራ ስንት ምሽት አልፏል። አገር ቤት ቢሆን የሰፈሩ ልጅ በሙሉ ይከበኝ ነበር፤ አንዱ ይይዛል፣ አንዱ ይመክራል፣ ቡና ይመጣል። የላይኛውን ክዳን የምገጥምበት ቀን ሲደርስ ግን ሁለት እጅ አልበቃም። ስድስት ዓመት ሙሉ እጅ ከማውለብለብ በቀር ያልተነጋገርነውን ጎረቤቴን ደፍሬ ጠራሁት። ሽማግሌ ነው፤ ሞርሳዎቹን ተሸክሞ መጣ። እስከ ማታ አራት ሰዓት አልሄደም። ለካ መጠራት ብቻ ነበር የሚጠብቀው።

ሰኔ ላይ ሊትል ሴኔካ ሐይቅ ወሰድነው። ሃያ ኪሎ ቢሆን ነው፤ ብቻዬን በትከሻዬ ተሸከምኩት። ውሃው ላይ ሲቀመጥ ድምፅ የለውም። ልጄ ዳር ቆማ ቪዲዮ ቀረጸችኝ።

ቪዲዮውን ባሕር ዳር ላለው የእህቴ ልጅ ላክሁለት። «እባክህ ታንኳ የሚሠሩ ሰው ፈልግና ከማጨዱ ጀምረህ በስልክህ ቅረጽልኝ፤ የሚሉትን ሁሉ ጻፍልኝ፤ ለጊዜያቸውም ክፈልልኝ» አልኩት። ከሁለት ሳምንት በኋላ የመጀመሪያው ደረሰኝ። አንድ ጎልማሳ ገመዱን በጥርሱ ይዞ እየጠፈረ ያስረዳል፤ ደንገሉ ከመጠን በላይ ከደረቀ ሲታጠፍ ይሰበራል ይላል። ይህን አላውቅም ነበር። መጨረሻው ላይ የእህቴ ልጅ የኔን ካያክ ያሳየዋል። ሰውየው ስልኩን ተቀብሎ ጠጋ አድርጎ አየው። ታንኳ ውሃ ስለሚጠጣ ከሐይቅ በወጣ ቁጥር ቆሞ መድረቅ አለበት። «ይሄኛው ውሃ ሲጠጣ የት ነው የሚያደርቀው?» ብሎ ጠየቀ።

በድምፅ መልእክት ስለ ኢፖክሲው አስረድቼ ላክሁለት። አሁን እሱ የሚቀጥለውን ጥያቄ እስኪልክ እየጠበቅሁ ነው።