ኢላት ለዕረፍት ሄጄ ደክሞኝ ተመለስኩ

ኢላት ዕረፍት ነው ያለኝ ማነው? ከቴል አቪቭ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ በአውቶቡስ ተንቀጥቅጠን ስንደርስ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ፤ መሬቱ እንደ ምጣድ ነው። እሺ፣ በነሐሴ መሄዴ የራሴ ጥፋት ይሁን። «ባሕር የሚያይ ክፍል» ብለው ገንዘቤን የበሉትስ? መስኮቱን ብከፍት የኤሲ ማሽን ተደርድሯል! አንገቴን እንደ ቀጭኔ ሰግጌ ነው ጥግ ላይ ሰማያዊ ነገር ያየሁት።

ባሕሩማ ምን ይወጣለታል። ቀይ ባሕር እዚያ ጥግ ላይ እንደ ሐይቅ ረግቶ ተኝቷል። አመሻሽ ላይ ማዶ ያሉት የዮርዳኖስ ተራሮች ሲቀሉ ዝም ብሎ ማየት ነው። ማን ሊያሳይሽ! አንዷ ጀልባ ሙዚቃዋን ለቃ ትመጣለች፣ ሳትርቅ ሌላዋ ትተካለች።

ከሁሉ ያንገበገበኝ ግን ፎጣው ነው። ከውኃው ወጥቼ እናቴን ደግፌ ጠጠሩ ላይ ቀስ እያልን ስንሄድ (በባዶ እግር አይሞከርም) አንዲት ሴትዮ ጠርታኝ «ሁለት ፎጣ አምጪልኝ» አለችኝ። የዋና ልብስ ለብሼ፣ ፀጉሬ እየተንጠባጠበ! እማዬ «ምን አለችሽ?» ስትለኝ «ሰላም አለችን» አልኳት።