ስትዘጉት ቁልፉን ተዉልን

«ምንም ነገር ዘላለማዊ አይደለም።» ይህን ያሉት ዩቢሶፍት የተባለው የጌም ኩባንያ ዋና ሥራ አስፈጻሚ ኢቭ ጊልሞ ናቸው። በ2025 በባለአክሲዮኖች ስብሰባ ላይ ኩባንያዎች የሸጡትን ጌም ዘግተው ከጥቅም ውጭ እንዳያደርጉት ስለሚጠይቀው «ስቶፕ ኪሊንግ ጌምስ» ስለተባለው ዘመቻ ተጠይቀው የሰጡት መልስ ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) በዚያው ሰሞን ቪዲዮ ጌምስ ዩሮፕ የተባለው የጌም ኩባንያዎች ማኅበር መግለጫ አወጣ። እሱን ሳነብ ጭራሽ ባሰብኝ። እስካሁንም አልበረደልኝም።

ነገሩን ባጭሩ ልንገራችሁ። ዘ ክሩ የተባለው የመኪና ውድድር ጌም በ2014 ወጣ። ሰው ከፍሎ ገዛው። ለብቻ የሚጫወቱት ክፍል ነበረው፤ እሱም ግን ያለ ኩባንያው ሰርቨር (ጌሙ በኢንተርኔት የሚገናኘው ማዕከላዊ ኮምፒውተርና ፕሮግራሙ) አይነሳም። ማርች 31 ቀን 2024 ዩቢሶፍት ሰርቨሩን ዘጋ። ብዙም ሳይቆይ ፈቃዱን ከገዢዎች አካውንት ላይ ማንሳት ጀመረ። አሜሪካ ውስጥ ሲከሰስ ደግሞ ሰዎቹ የገዙት ጌሙን ሳይሆን የመጠቀም ፈቃድ ነው ብሎ ተከራከረ። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይኸው ነው። ዩቲዩበሩ ሮስ ስኮት ዘመቻውን የጀመረው ከዚህ ተነስቶ ነው። ለአውሮፓ ኅብረት የቀረበው አቤቱታም ከአንድ ሚሊዮን በላይ ፊርማ አገኘ።

አንድ ነገር መጀመሪያ ይጥራ። ለዘላለም ደግፉን ያለ ሰው የለም። አቤቱታው የሚለው፣ ስትዘጉት መጫወት በሚቻልበት ሁኔታ ተዉት ነው። ጊልሞ ማንም ላልጠየቃቸው ነገር ነው መልስ የሰጡት። አንድ ሚሊዮን ሰው ሲፈርም ደግሞ ቢያንስ ጥያቄውን አንብቦ መምጣት ይገባ ነበር።

ከማኅበሩ መግለጫ በጣም ያናደደኝን ልንገራችሁ። ተጫዋቾች የራሳቸውን ሰርቨር ቢያስነሱ የተጫዋቾችን መረጃ የሚጠብቅና ሕገወጥ ነገር የሚያስወግድ አይኖርም፣ ተጠያቂነቱም በባለመብቶቹ ላይ ይወድቃል ይላል። እንዴ! ጥላችሁን ልትሄዱ ነው እኮ። ጥሎን የሚሄድ ስለ ደህንነታችን ምን አገባው? የተጫዋቾችን መረጃ ስትዘጉ አብራችሁ አጥፉት፤ ዳታቤዛችሁን የጠየቀ የለም። የተጠየቀው ፕሮግራሙ ነው። ፕሮግራምና በውስጡ የሚቀመጥ መረጃ የተለያዩ መሆናቸውን አንድ ወር ኮድ የጻፈ ልጅ ያውቃል። እነሱም ያውቃሉ። ሆነ ብለው ነው የሚያምታቱን።

ተጠያቂነት ለሚሉትም ማይንክራፍት የተባለው ጌም አለላችሁ። የሰርቨሩ ፕሮግራም በነጻ ይወርዳል። የፈለገ ሰው ኮምፒውተሩ ላይ አስነስቶ ከጓደኞቹ ጋር ይጫወታል። ሰርቨር ለሰው መስጠት ጌምን የሚገድል ቢሆን ኖሮ መጀመሪያ የሚሞተው እሱ ነበር፤ እሱ ግን በዓለም ላይ በብዛት በመሸጥ የሚስተካከለው አልተገኘም። ሲቲ ኦፍ ሂሮስ የተባለው የኦንላይን ጌምም አለ። በ2012 ተዘጋ። ተጫዋቾቹ በኋላ በራሳቸው ሰርቨር አስነሱት። በ2024 ባለመብቱ ኤንሲሶፍት ራሱ ሆምካሚንግ ለተባሉት ተጫዋቾች ሕጋዊ ፈቃድ ሰጣቸው። አንድ ወረቀት ተፈረመ፣ የተጠያቂነቱ ነገር አለቀ።

አሁን ወደ ዋናው ልግባ። «ዋጋው አይቻልም» ይላሉ። ከመሠረቱ ኦንላይን ሆኖ የተሠራን ጌም ያለ ኩባንያው እንዲሠራ ማድረግ ጌም መሥራትን ራሱን የማይቻል ያደርገዋል ነው ነገሩ። እኔ ሶፍትዌር ጽፌ የማድር ሰው ነኝ፣ እዚህ ላይ የሙያ ባልደረቦቼ በሙሉ እንዲመሰክሩልኝ እፈልጋለሁ። ጠዋት ሥራ ስትጀምሩ ምን ታደርጋላችሁ? ላፕቶፓችሁን ከፍታችሁ ሰርቨሩን እዚያው ታስነሳላችሁ። ዳታቤዙ እዚያው፣ ሎጊኑ እዚያው፣ ሁሉም እዚያችው ማሽን ላይ። የጻፋችሁት ኮድ ይሥራ አይሥራ የምታዩት እንደዚያ ነው። አዲስ ልጅ ሲቀጠር የመጀመሪያ ሥራው ምንድን ነው? ሰርቨሩን ማሽኑ ላይ ማስነሳት። ሦስት ቀን ይፈጅበታል፣ ያማርራል፣ አጠገቡ ያለው ሰው ያግዘዋል፣ በመጨረሻ ይነሳል። ስለዚህ ያ «የማይቻለው» ነገር ጌሙ ገና ሳይወጣ በየቀኑ ሲደረግ የኖረ ነው። ኩባንያው ውስጥ ባለ ላፕቶፕ ሁሉ ላይ አለ።

ያ ለሁለት ለሦስት ሰው ነው፣ ለሚሊዮን አይሆንም ትሉኝ ይሆናል። አዎ! እኔም የምለው ይህንኑ ነው። የተዘጋን ጌም ሚሊዮን ሰው አይጫወተውም። ሃምሳ ሰው ነው፣ ቢበዛ ጥቂት መቶ። ውድ የሆነው ጌሙ ሳይሆን የሚሊዮን ሰው ጭነት የሚሸከመው ነገር ነው፤ በየአህጉሩ የተከራያችሁት ማሽን፣ አንዱ ሲወድቅ ሌላው የሚተካበት ዘዴ፣ ሌሊት ስልክ ሲጮህ የሚነሳው ሰው። ክፍያ የሚቀበለው ክፍልም አለ፣ ማን የት ቦታ ስንት ደቂቃ እንደቆየ የሚቆጥረውም አለ፣ ለጌሙ ገጸ ባሕርያት ልብስና ኮፍያ የሚሸጠው ሱቅም አለ። ጌሙ ሲዘጋ ከእነዚህ አንዱም አያስፈልግም። ሥራው በአብዛኛው የሚያስቀር እንጂ የሚጨምር አይደለም። ይህን ከመጀመሪያው አስቦ የነደፈ ቡድን ደግሞ መጨረሻ ላይ ብዙ የሚቀረው ነገር የለም።

በቃል ብቻ እንዳይመስላችሁ። ኩዌክ የተባለው ጌም በ1996 ሲወጣ ማንም ሰው የራሱን ሰርቨር ማስነሳት ይችል ነበር፣ ያኔ የነበረውን ኢንተርኔት ደግሞ የምታስታውሱ ታስታውሱታላችሁ። ዱም የተባለው ጌም ኮዱ በ1997 ተለቀቀ፤ እስከ ዛሬ አዲስ በወጣ ማሽን ሁሉ ላይ ሰው ያስነሳዋል። ኖክአውት ሲቲ የተባለው ጌም በ2023 ሲዘጋ ሠሪው ቬላን ስቱዲዮስ ተጫዋቾች ራሳቸው የሚያስነሱትን ሰርቨር ሰጥቶ ነው የተሰናበተው። ቬላን ከዩቢሶፍት ጋር ሲተያይ ትንሽ ስቱዲዮ ነው። ትንሹ የቻለውን ትልቁ እንዴት ያቅተዋል? ደግሞስ ማን አቃተው? ዩቢሶፍት ራሱ ሰው ሲጮህበት ለዘ ክሩ 2 ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ አማራጭ እንደሚያወጣ በ2024 አስታወቀ፣ በ2025 አወጣው። አይቻልም የተባለው ነገር በአንድ ዓመት ገደማ ተቻለ። ከዚህ በኋላ አይቻልም ማለት ዓይን ያወጣ ውሸት ነው።

እሺ፣ ከሌላ ድርጅት በፈቃድ የተወሰደ ኮድ ያለበት ጌም አለ፤ እሱን እንዳለ ለሕዝብ መልቀቅ አይቻልም። የመኪና ስምና የሙዚቃ ፈቃድም ጊዜው ያልፋል። ግን ውሉን የሚፈርመው ኩባንያው ራሱ ነው። ሲፈርም ይህችን አንቀጽ ያስገባ።

ታዲያ እውነተኛው ምክንያት ምንድን ነው? አንድ ጊዜ በሠራሁበት ቦታ አንድ ትንሽ የኦንላይን ጌም ነበረን። ሰርቨሩን በአብዛኛው የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ሁለት ዓመት ገደማ ፈጅቶብኛል። ሊዘጋ ሲወሰን አለቃዬ ዘንድ ሄድኩ። ሁለት ሳምንት ስጡኝ፣ አጽድቼ ተጫዋቾቹ ራሳቸው እንዲያስነሱት አደርገዋለሁ አልኩ። እሱ ወጪውን አላነሳም። ሕጉንም አላነሳም። «አሮጌውን እየተጫወቱ አዲሱን ማን ይገዛል?» ነው ያለኝ። ከአንድ ቦታ ተነስቶ ኢንዱስትሪውን ሁሉ መፍረድ አይቻልም ትሉኛላችሁ። እኔ ግን ያቺን ዓረፍተ ነገር በየመግለጫቸው ጀርባ እሰማታለሁ።

ጉዳዩ የተጫዋቾች ብቻ የሚመስላችሁ ዴቨሎፐሮችም ተሳስታችኋል። የሥራችሁ ዕድሜ ነው የሚጠፋው። ግንበኛ የገነባውን ቤት ለልጁ ያሳያል። እኔ ሲቪዬ ላይ የጌሙ ስም አለ፣ ቃለ መጠይቅ ላይ ግን ከፍቼ ላሳይ የምችለው ነገር የለም። የቪዲዮ ጌም ሂስትሪ ፋውንዴሽን በ2023 ባወጣው ጥናት አሜሪካ ውስጥ ከ2010 በፊት ከወጡት ጌሞች 87 በመቶው ዛሬ ገበያ ላይ አይገኙም። እነዚያ ግን ካሴትና ዲስክ የነበራቸው ናቸው፤ አንድ ሰብሳቢ መደርደሪያው ላይ አስቀምጦ ያቆያቸዋል። የእኛ ዘመን ሥራ ሰርቨር ላይ ነው ያለው። ሲዘጋ ሰብሳቢ የሚያቆየው ምንም ነገር የለም።

ካሊፎርኒያ ከ2025 ጀምሮ ዲጂታል ሱቆች የሚሸጡት ፈቃድ መሆኑን ለገዢው እንዲናገሩ የሚያስገድድ ሕግ አላት። ጥሩ ነው፤ አይበቃም። ልወስድብህ እችላለሁ ብሎ መናገር መውሰዱን ትክክል አያደርገውም። አማዞን በ2009 ሰዎች የገዙትን መጽሐፍ ኪንድል ከተባለው መጽሐፍ ማንበቢያቸው ላይ ከሩቅ ሲያጠፋ ገንዘባቸውን መልሶ፣ የኩባንያው ኃላፊ ጄፍ ቤዞስም ወጥተው ይቅርታ ጠይቀው ነበር። ያኔ ቢያንስ አፍረው ነበር። አሁን ፍርድ ቤት ቆመው ፈቃድ ነው የገዛችሁት ይላሉ።

ያ የእኔ ጌም ከተዘጋ አንድ ዓመት ካለፈ በኋላ አንድ ተጫዋች ጻፈልኝ። ከወንድሙ ጋር በየሳምንቱ መጨረሻ ይጫወቱት ነበር፤ ወንድሙ ሌላ አገር ሄዷል። ሰርቨሩ የትም ቢሆን ካለ እኛ ራሳችን እናስነሳዋለን፣ ገንዘብም እንከፍላለን አለኝ። ወደ ድሮ መሥሪያ ቤቴ ደወልኩ። ማሽኑ ሲጸዳ ኮዱም አብሮ ጠፍቷል ተባልኩ። ይህንኑ ጽፌ መለስኩለት።